ታማሚውን ከጓዳ እናውጣው

(በሬዲዮ ዝግጅት የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ሆኖ የተዘጋጀ)

የዛሬው ርዕሳችን በብዙ ቤቶች ውስጥ ያለ፣ ነገር ግን ብዙም የማይነገርለት ጉዳይ ነው። አባታችን ወይም እናታችን በድንገት ስትሮክ ይመታቸዋል። ወደ ሐኪም ቤት ይወሰዳሉ። ሕይወታቸው ይተርፍና አልሐምዱ ሊላህ ብለን ወደ ቤት እንመልሳቸዋለን። ጎረቤቱ፣ ዘመድ አዝማዱ ለጥቂት ቀናት ይመላለሳል። ከዚያ በኋላ ግን ቤቱ ጸጥ ይላል። ታማሚው ጓዳ ውስጥ አልጋው ላይ ተኝቶ ይውላል፤ ተኝቶ ያድራል።

ስለ ስትሮክ ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳርና ስለ ጨው ነው። ተገቢም ነው። የዛሬው ጥያቄያችን ግን ከዚያ በኋላ ያለውን የሚመለከት ነው። ደም አጥቶ የተጎዳ አንጎል የሚኖርበት ቤት፣ የሚያየውና የሚሰማው ነገር፣ አጠገቡ የሚቀመጠው ሰው፣ እጁ የሚነካው ሥራ፣ እነዚህ ሁሉ ለማገገሙ ያግዛሉ ወይስ አያግዙም? መልሱን ከአሁኑ ልንገራችሁ፤ ያግዛሉ። እንዴትና እስከ ምን ድረስ የሚለውን ግን ሳናጋንን፣ ሳናሳንስም አብረን እንመልከተው።

አንጎል ደም ሲያጣ

የአንድ ትልቅ ሰው አንጎል 1.4 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል። ከመላው ሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ሰውነታችን በእረፍት ላይ ሳለ ከሚጠቀምበት ኦክስጅን ውስጥ 20 በመቶ ያህሉን የሚወስደው ይህ ትንሽ አካል ነው። ለክፉ ቀን ብሎ የሚያስቀምጠው ስንቅ ደግሞ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ደም ሲቋረጥበት እንደ እጅና እንደ እግር ጡንቻ ለረጅም ጊዜ መታገስ አይችልም፤ በደቂቃዎች ውስጥ መጎዳት ይጀምራል።

ሕዝባችን ይህን ሕመም በልዩ ልዩ ስም ይጠራዋል። አንዱ "ደም ግፊት ጣለው" ይላል፤ ሌላው "ግማሽ ጎኑ ሽባ ሆነ" ይላል፤ "ምች መታው" የሚልም፣ "ጂን ነካው" የሚልም አለ። ሐኪሞች ስትሮክ የሚሉት ይህ ሕመም በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው ወደ አንጎል ደም የሚወስድ ደም ስር በረጋ ደም ሲደፈን ነው። ሁለተኛው ደም ስሩ ፈንድቶ ደም አንጎል ውስጥ ሲፈስ ነው። በዓለም ላይ የሚበዛው የመጀመሪያው ዓይነት ነው። ዛሬ በተለይ የምናተኩረውም በእሱ ላይ ነው፤ ስለ ቤት አያያዝ የምንለው ግን ለሁለቱም ይጠቅማል።

ወደ ዋናው ጉዳይ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር አማና መጉደል ይሆንብኛል። እ.ኤ.አ. በ2006 ጄፍሪ ሴቨር የተባሉ አሜሪካዊ የነርቭ ሐኪም ባወጡት ስሌት መሠረት፣ ትልቅ የአንጎል ደም ስር ተደፍኖ ሕክምና ሳይገኝ ሲቀር በእያንዳንዷ ደቂቃ 1.9 ሚሊዮን ያህል የነርቭ ሴሎች ይጠፋሉ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በሚገኝበት ቦታ እንኳ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። ስለዚህ የሰው ፊት በድንገት ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ወይም አንድ እግሩ ከዛለ፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ ወይም ከጠፋ፣ ሰዓቱን አይታችሁ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ዱዓውም ሩቅያውም መኪና ውስጥ ሆኖ ይቻላል፤ መኪናውን ግን አያዘግዩት።

ፍሙና አመዱ

አሁን ወደ ተጎዳው አንጎል እንመለስ። አንድ ደም ስር ሲደፈን በሥሩ ያለው የአንጎል ክፍል ሁሉ በአንድ ጊዜ አይሞትም። ምድጃችንን አስቡት። መሐሉ ላይ ነድዶ ያለቀ አመድ አለ። ዙሪያውን ግን የተዳፈነ ፍም አለ፤ ብርሃኑ አይታይም፣ ነገር ግን አልጠፋም። አንጎልም እንደዚሁ ነው። መሐል ላይ ደም ፈጽሞ የተቋረጠበት ክፍል ይሞታል። በዙሪያው ያለው ክፍል ደግሞ ከሌሎች ደም ስሮች ጥቂት ደም ስለሚደርሰው ሥራውን ያቆማል እንጂ ለጊዜው በሕይወት አለ። ፈጥኖ ደም ከተመለሰለት ይነሳል፤ ካልተመለሰለት እሱም አመድ ይሆናል። የድንገተኛ ሕክምናው ሩጫ በሙሉ ይህን ፍም ለማዳን ነው።

ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ ግን ሦስተኛ ነገር ይመጣል። ጭራሽ ያልተጎዳው የቀረው አንጎል አዲስ ሥራ መማር ይጀምራል። የሞተው ሴል አይመለስም። ነገር ግን ጎረቤቱ ያሉት ሴሎች እርስ በርሳቸው አዲስ ቅርንጫፍ ያበቅላሉ፤ የነበረውን ግንኙነት ያጠናክራሉ፤ የሞተው ክፍል ይሠራው ከነበረው ሥራ የቻሉትን ያህል ይረከባሉ። ዋናው መንገድ ሲናድ ሰው በእርሻው ዳር የእግር መንገድ እንደሚያወጣ ማለት ነው። የእግር መንገዱ ግን የሚወጣው ሰው ሲመላለስበት ነው። ማንም ያልረገጠው ቦታ ሣር ይበቅልበታል እንጂ መንገድ አይሆንም።

እንግዲህ የዛሬው ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው። ይህን አዲስ መንገድ የሚረግጠው ምንድን ነው? መርፌና ክኒን ብቻውን አይረግጠውም። የሚረግጠው ታማሚው በቀን ውስጥ የሚያየው፣ የሚሰማው፣ የሚናገረው፣ የሚነካውና የሚንቀሳቀሰው ነገር ነው።

ሊቃውንቱ ከአይጦች የተማሩት

ይህ ነገር በግምት የተነገረ አይደለም። ዶናልድ ሄብ የሚባሉ ካናዳዊ የሥነ ልቦና ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1947 አንድ ነገር አስታወቁ። ሄብ ጥቂት አይጦችን እንደ ቤት እንስሳ በራሳቸው ቤት አሳድገው ነበር። እነዚያ አይጦች በቤተ ሙከራ ጎጆ ውስጥ ካደጉት ይልቅ ችግር የመፍታት ችሎታቸው በልጦ ተገኘ። በ1960ዎቹ ደግሞ በካሊፎርኒያ በርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ማርክ ሮዘንዝዋይግ፣ ማሪያን ዳይመንድና ባልደረቦቻቸው ጉዳዩን በሚዛንና በማይክሮስኮፕ መረመሩት። አንዳንዶቹን አይጦች ለብቻቸው ባዶ ጎጆ ውስጥ አስቀመጧቸው። ሌሎቹን ግን ብዙ ሆነው ሰፊ ጎጆ ውስጥ እንዲኖሩ፣ የሚወጡበት መሰላል፣ የሚሽሎኮሎኩበት ዋሻ፣ በየጊዜው የሚለዋወጥ መጫወቻ እንዲኖራቸው አደረጉ። በመጨረሻ የእነዚህኛዎቹ አንጎል የላይኛው ሽፋን ወፈር ብሎ ተገኘ። አንጎል ከሚኖርበት አካባቢ ጋር አብሮ የሚለወጥ መሆኑ በዚህ ታወቀ።

እነዚያ አይጦች ጤነኞች ነበሩ። ታዲያ አንጎሉ ደም አጥቶ የተጎዳውስ? ይህን ጥያቄ ያነሱት በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲዋ ባርብሮ ዮሃንሶንና የሥራ ባልደረባቸው ናቸው። የአይጦቹን ትልቅ የአንጎል ደም ስር ዘግተው፣ ከዚያ ግማሾቹን በተለመደው ጎጆ፣ ግማሾቹን ደግሞ ሰፊና መጫወቻ ባለው ጎጆ ከሌሎች አይጦች ጋር አኖሯቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1995 ታተመ። ሰፊው ጎጆ ውስጥ የኖሩት በጠባብ እንጨት ላይ መሄድንና የመሳሰለውን በተሻለ ሁኔታ መሥራት ቻሉ። እዚህ ላይ በደንብ አድምጡኝ፤ የሞተው የአንጎል ክፍል ስፋት በሁለቱም ወገን ያው ነበር። አመዱ አልቀነሰም። የተለየው በሕይወት የቀረው አንጎል የሠራው ሥራ ነው። በቀጣዩ ዓመት በወጣው ሌላ ጥናታቸው ደግሞ አይጦቹ ወደ ሰፊው ጎጆ የገቡት ከጉዳቱ 15 ቀን ዘግይተው ቢሆንም ጥቅሙን ሳያገኙ አልቀሩም።

ጊዜው ግን እንዲሁ ክፍት ሆኖ አይቆይም። እ.ኤ.አ. በ2004 በካናዳ በተደረገ ጥናት፣ አንጎላቸው የተጎዳ አይጦች ሰፊ ጎጆና የእጅ ልምምድ አንድ ላይ ተሰጣቸው። አንዳንዶቹ ከጉዳቱ 5 ቀን በኋላ፣ ሌሎቹ ከ14 ቀን በኋላ፣ የቀሩት ከ30 ቀን በኋላ ጀመሩ። በ5ኛው ቀን የጀመሩት ብዙ ተሻላቸው፤ በ30ኛው ቀን የጀመሩት ግን ያገኙት ጥቅም እጅግ ጥቂት ነበር። የአይጥ ቀን እንደ ሰው ቀን አይቆጠርምና ቁጥሩን በቀጥታ ወደ ሰው አንወስደውም። ሐሳቡ ግን ግልጽ ነው፤ የተጎዳ አንጎል ይበልጥ ለመማር የተዘጋጀበት ወቅት አለ፤ ያም ወቅት ከጉዳቱ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታትና ወራት ነው። እኛ ደግሞ "ትንሽ ይረፍ፣ ትንሽ ይበርታ" እያልን በዝምታ የምናሳልፈው ያንኑ ወቅት ነው።

በሰው ላይ የታየው

ሰውን ጎጆ ውስጥ አስገብቶ መሞከር አይቻልም። ነገር ግን ታማሚዎች ቀናቸውን እንዴት እንደሚያሳልፉ መመልከት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት በሜልበርን ከተማ በ5 የስትሮክ ማከሚያ ክፍሎች የተኙ 58 ታማሚዎችን ከጉዳቱ በኋላ ባሉት 14 ቀናት ውስጥ በቀን እየተከታተለ መዝግቧል። ታማሚዎቹ ከግማሽ የሚበልጠውን የቀን ጊዜ አልጋ ላይ አርፈው አሳለፉት። ለማገገም የሚረዳ እንቅስቃሴ ያደረጉት በ13 በመቶው ጊዜ ብቻ ነው። 60 በመቶውን ጊዜ አጠገባቸው ማንም አልነበረም። ባለሙያና መሣሪያ ባለበት አገር፣ በልዩ ማከሚያ ክፍል ውስጥ ይህ ከሆነ፣ በእኛ ጓዳስ ምን ያህል ይሆን? ከዚያ ወዲህ በዚያው አገር በአንድ የማገገሚያ ክፍል ውስጥ መጻሕፍት፣ ጨዋታዎችና አብሮ የሚበላበት ቦታ ተዘጋጅቶ በትንሽ ጥናት ሲሞከር፣ ታማሚዎቹ ብቻቸውን ሥራ ፈተው የሚቀመጡበት ጊዜ ቀንሶ ታይቷል።

ሌላው ጥናት የመጣው ከፊንላንድ ነው። በሄልሲንኪ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመው ይህ ጥናት የስትሮክ ታማሚዎችን በሦስት ከፈላቸው። አንደኛው ወገን የሚወደውን ሙዚቃ፣ ሁለተኛው በድምፅ የተቀዳ መጽሐፍ ለሁለት ወር በየቀኑ እንዲያዳምጥ ተደረገ። ሦስተኛው ምንም አልተሰጠውም። መደበኛ ሕክምናው ለሁሉም እኩል ነበር። ከሦስት ወር በኋላ የቃል ማስታወስ ችሎታቸው ሲመዘን፣ ሙዚቃ ያዳመጡት ከሁለቱም ወገኖች ይበልጥ ተሻሽለው ተገኙ፤ የመከፋት ስሜታቸውም ምንም ካላዳመጡት ያነሰ ነበር። ይህን ስሰማ አንዳንዶቻችሁ "ቁርኣንስ?" ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ። ጥናቱ የመዘነው ሙዚቃንና መጽሐፍን ነው እንጂ ቲላዋን አይደለም። ስለዚህ "ሳይንስ እንዲህ አለ" ብለን በስሙ የማይባለውን አንልም። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ግን አለ። ታማሚው ልቡ የሚወደውን ነገር በየቀኑ ማዳመጡ ከባዶ ዝምታ ሊሻለው ይችላል። የሚወደው የአንድ ቃሪእ ድምፅ ከሆነ እሱን አሰሙት፤ የሚወደው ዜና ከሆነም ዜናውን።

ሦስተኛው እጅን የሚመለከት ነው። ስትሮክ አንድ እጁን ያደከመበት ሰው በጤነኛው እጁ ሁሉንም ነገር መሥራት ይለምዳል፤ የደከመውም ሳይሠራ እየባሰበት ይሄዳል። ኤድዋርድ ታውብ የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪ ለዚህ አንድ ዘዴ ቀየሱ። ጤነኛው እጅ በጓንት ይያዛል፤ የደከመው እጅ ሥራውን በግዱ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2006 ውጤቱ የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ይህን ዘዴ ስትሮክ ከደረሰባቸው ከ3 እስከ 9 ወር በሆናቸው 222 ሰዎች ላይ ሞክሮታል። ሁሉም ከመጀመሪያው እጃቸውን በጥቂቱም ቢሆን ማንቀሳቀስ የሚችሉ ነበሩ። ለሁለት ሳምንት የሠለጠኑት የእጃቸው ሥራ ተሻሻለ፤ መሻሻሉም ቢያንስ ለአንድ ዓመት ቆየላቸው። ይህ በባለሙያ የሚሠራ ሥራ ነው፤ እኛ ተነስተን የሰውን ጤነኛ እጅ አንሰርም። ከውስጡ የምንወስደው ቁም ነገር ግን "ያልሠራ እጅ ይረሳል" የሚለውን ነው።

ጥድፊያም ጉዳት አለው

ውድ አድማጮች፣ መልካም ዜና ብቻ ነግሬያችሁ ብሄድ አላግዛችሁም። እንቅስቃሴ ጥሩ ነው ሲባል "እንግዲያው ዛሬውኑ ይነሳ" የሚል አለ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ታላቅ ጥናት በ5 አገሮች 2,104 ታማሚዎችን ተከታትሏል። ስትሮክ በደረሰ በ24 ሰዓት ውስጥ አዘውትረውና አብዝተው ከአልጋ እንዲነሱ የተደረጉት፣ ከሦስት ወር በኋላ ጥሩ ውጤት ያገኙት 46 በመቶው ነበሩ፤ በተለመደው ሁኔታ የተያዙት ግን 50 በመቶው። ልዩነቱ ትንሽ ቢመስልም የሚያስተምረው ትልቅ ነው። የመጀመሪያው ቀን የሐኪሙ ቀን ነው። መቼ ይቀመጥ፣ መቼ ይቁም የሚለውን እሱ ይወስን።

ሁለተኛው ጥናት ከሕንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመው ይህ ጥናት 1,250 ታማሚዎችን በ14 ሆስፒታሎች አሳትፏል። ለግማሾቹ ቤተሰቦች እንዴት እንደሚያለማምዷቸው ትምህርት ተሰጣቸው፤ ግማሾቹ በተለመደው መንገድ ቀጠሉ። ከ6 ወር በኋላ የሞቱት ወይም የሰው እርዳታ ፈላጊ ሆነው የቀሩት በሁለቱም ወገን 47 በመቶ ነበሩ። ይህ ማለት ቤተሰብ አይጠቅምም ማለት አይደለም፤ ታማሚዎቹን ብቻቸውን መተው እኩል ነው የሚልም አይደለም። የሚለው ቤተሰብ በአጭር ትምህርት ብቻ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያውን ሊተካ አይችልም ነው። ስለዚህ ባለሙያ የሚገኝ ከሆነ ገንዘባችሁን አትቆጥቡ። የቤቱ ድርሻ ባለሙያው በሳምንት አንድና ሁለት ጊዜ የሚያሳየው ነገር በቀሩት ቀናት እንዳይረሳ ማድረግ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። የአንገት ደም ስራቸው ቀስ በቀስ የጠበበባቸው፣ ስትሮክም ሳይጥላቸው አንጎላቸው የሚያገኘው ደም የቀነሰባቸው ሰዎች አሉ። አስተሳሰባቸው ይዘገያል፤ ይረሳሉ። ጨዋታና እንቅስቃሴ የጠበበ ደም ስር አይከፍትም። ለእነሱም ስትሮክ ለደረሰባቸውም መሠረቱ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒትን ሳያቋርጡ መውሰድ፣ ሲጋራን መተው፣ የሐኪም ክትትልን አለማቋረጥ ነው። በረመዳንም ቢሆን መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ከማቋረጥ በፊት ሐኪሙን መጠየቅ ያስፈልጋል።

እስቲ ወደ ቤታችን እንምጣ

እኛ ታማሚን የምንጎዳው በጭካኔ አይደለም፤ በፍቅር ነው። "አባዬ፣ አርፈህ ተኛ" እንላለን። ማንኪያውን ከእጁ ተቀብለን እናጎርሰዋለን። እሱ ልብሱን ለመልበስ ሩብ ሰዓት ሲፈጅበት እኛ በአንድ ደቂቃ እናለብሰዋለን። ቤቷን ስታስተዳድር የኖረች እናት "እማዬ፣ አትንኪ፣ ይሰበርብሻል" ተብላ ከወጥ ቤት ትወጣለች። እንግዳ ሲመጣ በሩ ይዘጋል፤ "ሰው ሲያየው ይሳቀቃል" እንላለን። እሱ አልጋው ላይ ሆኖ ሳሎን የሚሳቀውን ሳቅ ይሰማል፤ የሚስቁበትን ግን አያውቅም። በዚህ ሁኔታ አንጎሉ ባዶ ጎጆ ውስጥ እንደተቀመጠችው አይጥ ሆነ ማለት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ቦታውን እንለውጥ። ሐኪሙ ከፈቀደ ታማሚው ቀኑን ሰው ባለበት፣ ብርሃን በሚገባበት ቦታ ደገፍ ብሎ ተቀምጦ ይዋል። ትልቅ ሰዓትና የቀን መቁጠሪያ በሚታየው ቦታ ይሰቀል። መነጽር ካለው ይደረግለት። አልጋው ላይ ያለ እንደሆነም በየሁለት ሰዓቱ ጎኑን መለወጥ አይረሳ፤ የአልጋ ቁስል ብዙ ሰው ጎድቷል። ሲነሳም የደከመውን እጁን አትጎትቱት፤ ትከሻው ይወልቃል።

ቀጥሎ ሥራ እንስጠው። ምስር መልቀም፣ ነጭ ሽንኩርት መላጥ፣ የታጠበ ልብስ ማጠፍ፣ የልጅ ልጁን የቤት ሥራ መስማት፣ ሙስበሃ መቁጠር፣ ሁሉም ለእጅና ለአእምሮ ልምምድ ነው። የደከመው እጅ ብቻውን ካልቻለ ጤነኛው ይርዳው፤ ግን አብሮ ይግባ። ለመልበስ ሩብ ሰዓት ከፈጀበት ሩብ ሰዓት እንጠብቀው። ያ ሩብ ሰዓት የባከነ ጊዜ አይደለም፤ ሕክምና ነው። ይሁን እንጂ ስሜት ያጣ እጅ ሙቀት አያውቅምና የፈላ ጀበናና ትኩስ ውሃ አይሰጠው። የውዱእ ውሃውንም ሌላ ሰው አስቀድሞ ይንካው።

ሶላቱን በተመለከተ፣ ሕመምተኛ እንደ አቅሙ ቆሞ፣ ካልቻለ ተቀምጦ፣ ካልቻለም ተኝቶ እንደሚሰግድ የታወቀ ነው። አምስቱ ወቅቶች ቀኑን ይከፍሉለታል፤ ጊዜውን እንዲለይ፣ ከአልጋው ቀና እንዲል ምክንያት ይሆኑለታል። ሚዛኑ ካልጠበቀለት ግን እንዳይወድቅ ወንበር ይዘጋጅለት፤ አጠገቡም ሰው ይቁም።

ንግግሩ የጠፋበት ሰው ማሰብ የጠፋበት አይደለም። ብዙዎች የሚባለውን ይረዳሉ፤ መመለስ ነው ያቃታቸው። ስለዚህ እሱ ባለበት ስለ እሱ "አይሰማም" እያሉ ማውራት በቁም መቅበር ነው። አጭር ዓረፍተ ነገር ተጠቀሙ፤ "ሻይ ወይስ ወተት?" ብላችሁ ሁለቱንም አሳዩት። መልሱን ለመስጠት ጊዜ ስጡት። ቃሉን ከአፉ አትንጠቁት። ሲበላና ሲጠጣም ቀና ብሎ ይቀመጥ፤ ትን የሚለው ከሆነ ሐኪም መዋጥ መቻሉን ሳያረጋግጥ ምግብም ውሃም አትስጡት።

ጠያቂዎችስ? ታማሚን መጠየቅ በሃይማኖታችን ያለውን ቦታ ሁላችንም እናውቃለን። ለተጎዳ አንጎል ደግሞ ሰው ራሱ መድኃኒት ነው። ነገር ግን በመጀመሪያው ሳምንት ሃያ ሰው በአንዴ ገብቶ፣ ሁሉም እኩል እያወራ፣ ሬዲዮውም ቴሌቪዥኑም ተከፍቶ ከሆነ ይደክመዋል፤ ይረበሻል። የሚሻለው ሁለት ሁለት ሆኖ፣ አጠር አድርጎ፣ ደግሞ ደጋግሞ መምጣት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት መጥቶ የቀረ ጠያቂ ብዙ ነው። በሦስተኛው ወር የሚመጣው ጠያቂ ግን እጅግ ያስፈልጋል። የሰፈር ጀመዓዎች ተራ አውጥታችሁ አንድ ሰው በሳምንት አንድ ቀን ሄዶ ቢያጫውተው፣ ደጅ ድረስ ደግፎ ቢያወጣው፣ ከብዙ ሰደቃ የማያንስ ሥራ ነው። ቀን ላይ እረፍት፣ ሌሊትም በቂ እንቅልፍ እንዲኖረው ግን ተጠንቀቁ። አንጎል የተማረውን የሚያጸናው በእንቅልፍ ነው።

ልብ በሉ፤ ከስትሮክ በኋላ ከሦስት ሰዎች አንዱ ያህል በመከፋት ሕመም ይጠቃል። ታማሚው ካለቀሰ፣ ምግብ ካስጠላው፣ "አልሠራም" ካለ፣ የሰብር ማነስ ነው ብላችሁ አትገሥጹት። ሕክምና ያለው ሕመም ነውና ለሐኪሙ ንገሩት። የምታስታምመውን እህታችንንም አትርሷት። በብዙ ቤት ሸክሙ በአንዲት ሚስት ወይም በአንዲት ልጅ ትከሻ ላይ ነው የሚወድቀው። ወንድሞች ሆይ፣ ገንዘብ መላክ ብቻ አይበቃም። በሳምንት ግማሽ ቀን እናንተ አባታችሁ አጠገብ ተቀምጣችሁ እሷ ትተንፍስ።

በመጨረሻ፣ "ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ከእንግዲህ ምን ይሆናሉ?" የሚል ሰው አይጠፋም። ሁሉም ሰው ወደ ቀድሞው ይመለሳል ብለን ቃል አንገባም፤ ሽፋእ የአላህ ነው። ነገር ግን ማንኪያውን በራሱ እጅ ማንሳት የቻለ አዛውንት፣ የልጅ ልጁን በስሙ የጠራ አያት፣ ደጁ ላይ ወጥቶ ሰላምታ የመለሰ አባት፣ ይህ ትንሽ ነገር ነው የሚል እሱን አጥቶት የማያውቅ ብቻ ነው። ከስድስት ወርም ከዓመትም በኋላ ቢሆን መሻሻል ይቀንሳል እንጂ በሩ ፈጽሞ አይዘጋም።

ስለዚህ ይህን ንግግር ከሰማችሁ በኋላ ጓዳ ውስጥ የተኛ ሰው ያላችሁ፣ በሩን ክፈቱና "አባዬ፣ ና ከእኛ ጋር ቡና ጠጣ" በሉት። "እማዬ፣ ይህን ሽንኩርት ላጪልኝ" በሏት። አላህ ለታመሙት ሁሉ ዓፊያቸውን ይመልስላቸው፤ ለሚያስታምሙትም አጅራቸውን ያብዛላቸው።